የጅራታሙ ኮከብ ነገ በማን እጅ ነው?

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ብዙ ጊዜ ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ «ጅራታም ኮከብ የታየ እንደሆነ ጦርነት ወይም ረሃብ ይመጣል ይባላል፤ ዲናችን ስለዚህ ምን ይላል?» መልሱን ከመስጠቴ በፊት፣ ይህንኑ ኮከብ ከማንም ይበልጥ በጉጉት ስለሚጠብቁ ሰዎች ጥቂት ላውጋችሁ። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ አይከፈላቸውም። ቀን በየሥራቸው ውለው፣ ሌሊት ሌላው ሲተኛ በየግቢያቸው ቴሌስኮፕ ተክለው ሰማይን ይጠብቃሉ።

ጅራታም ኮከብ እንደ እውነቱ ከሆነ ኮከብ አይደለም። የበረዶና የአቧራ ክምር ነው። ወደ ፀሐይ ሲቃረብ ሙቀቱ በረዶውን ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። የወጣውን ጋዝና አቧራ የፀሐይ ብርሃንና ከፀሐይ የሚነፍሰው ነፋስ ይገፉታል። በዚህም የተነሳ ጅራቱ ምንጊዜም ከፀሐይ በተቃራኒ በኩል ይዘረጋል። እንግዲህ ልብ በሉ! ድምቀቱ የሚመጣው ከፀሐይ ሙቀት ነው፤ ጥፋቱም ከዚያው ሙቀት ሊመጣ ይችላል። ጠባቂዎቹን እንቅልፍ የሚነሳቸው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2011 ቴሪ ላቭጆይ የተባለ አውስትራሊያዊ፣ ሙያው የሥነ ፈለክ ያልሆነ ሰው፣ በራሱ ቴሌስኮፕ አንድ ደብዛዛ ነገር አየ። ተመርምሮ አዲስ ጅራታም ኮከብ ሆኖ ተገኘ። መንገዱ ሲሰላ ከፀሐይ ገጽ 140,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ እንደሚያልፍ ታወቀ። በዚያ ስፍራ የፀሐይ ከባቢ ሙቀት ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ነው። ብዙ ሊቃውንት «አለቀለት» አሉ። በዲሴምበር 16 ቀን ኮከቡ ከፀሐይ ጀርባ ገባ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በሌላው በኩል ብቅ አለ! እምብርቱ ከቀናት በኋላ ቢበታተንም፣ ረጅም ጅራቱ በደቡቡ የምድር ክፍል የንጋት ሰማይ ላይ ለሰው ሁሉ ታየ።

የሁለተኛውን ታሪክ ደግሞ አድምጡ። እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 21 ቀን 2012 ቪታሊ ኔቭስኪና አርትዮም ኖቪቾኖክ የተባሉ ሰዎች፣ በሩሲያ ኪስሎቮድስክ አጠገብ በሚገኝ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ሌላ ጅራታም ኮከብ አገኙ። አይሰን ተባለ። ገና ከጁፒተር ምህዋር ማዶ ሳለ በመታየቱ ተስፋው ትልቅ ሆነ። ጋዜጦች «የምዕተ ዓመቱ ኮከብ» አሉት፤ ከሙሉ ጨረቃ ይበልጥ ይደምቃል ያሉም ነበሩ። ጠባቂዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘጋጁ። ኖቬምበር 28 ቀን 2013 ደረሰ። ኮከቡ በተሰላው ቀን፣ በተሰላው መንገድ መጣ፤ ከፀሐይ ገጽ በላይ ወደ 1.2 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አለፈ። ከዚያ ወዲያ የታየው የደበዘዘ የአቧራ ጉም ብቻ ነበር። እሱም በጥቂት ቀናት ውስጥ በኖ ጠፋ።

ይሞታል የተባለው ወጣ፤ ይደምቃል የተባለው ጠፋ!

ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ እኔ ከዚህ የምማረው ሒሳብ ከንቱ ነው ብዬ አይደለም። ሒሳቡማ ትክክል ነበር። ቁርኣን በሱረቱ-ር-ረሕማን ፀሐይና ጨረቃ በልክና በስሌት እንደሚጓዙ ይነግረናል። ሰው ይህን ስሌት ሊደርስበት የቻለው ጌታው ፍጥረቱን በሥርዓት ስላቆመለትና አእምሮም ስለሰጠው ነው። ነገር ግን መንገዱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በመንገዱ ላይ የሚሆነውን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። በሱረቱ ሉቅማን መጨረሻ ማንም ነፍስ ነገ የምትሠራውን እንደማታውቅ ተገልጿል። ነገ ገይብ ነው፤ ከእኛ የተሰወረ ነው። ሙእሚን ስለ ነገ ሲናገር «ኢንሻአላህ» የሚለው ለአፍ ልማድ ሳይሆን ይህን ድንበር ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሌሊት ተወርዋሪ ኮከብ ሲያበራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን በጃሂሊያ ዘመን ስለዚህ ምን ትሉ እንደነበር ጠየቋቸው። ታላቅ ሰው ተወለደ ወይም ሞተ እንል ነበር አሉ። ነቢዩም ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይወረወር አስረዷቸው። የገዛ ልጃቸው ኢብራሂም የሞተ ዕለት ፀሐይ በጨለመች ጊዜም ሰዎች ለእርሱ ነው አሉ። ነቢዩ ግን በሐዘናቸው መካከል ሆነው እንኳ ያንን ወሬ አልተቀበሉም፤ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንጂ ለሰው ሞት የሚጨልሙ አለመሆናቸውን አስተማሩ። እንግዲህ ሰማይ ለነቢዩ ልጅ ካልጨለመ፣ ጅራታም ኮከብ የእኛን ጦርነት ሊያውጅ እንዴት ይመጣል?

ይህን ድንበር የተላለፈ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታሪክ ይመሰክራል። ታቂ አል-ዲን የተባለው ታላቅ ሙስሊም ሐሳቢ በኢስታንቡል የሰማይ መመልከቻ አቋቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ በ1577 ደማቅ ጅራታም ኮከብ ሲታይ፣ ለሱልጣን ሙራድ 3ኛ የድል ብስራት ነው ብሎ ተነበየ። ብዙም ሳይቆይ ወረርሽኝ ገባ፤ መመልከቻውም በ1580 በሱልጣኑ ትእዛዝ ፈረሰ። የታሪክ ጸሐፊዎች ለመፍረሱ ከአንድ በላይ ምክንያት ይጠቅሳሉ። ቢሆንም ትንቢቱ ሙያውን እንዳልጠቀመው ግልጽ ነው።

በእኛ ዘመንም የባሰ ታይቷል። እ.ኤ.አ በ1996 መጨረሻ አንድ ሰው ሄል-ቦፕ በተባለው ጅራታም ኮከብ አጠገብ በፎቶግራፍ ላይ ያየውን ተራ ኮከብ እንግዳ ነገር ነው ብሎ በሬዲዮ አወራ። ሊቃውንት ቢያስተባብሉም ወሬው ተዛመተ። በማርች 1997 በካሊፎርኒያ የአንድ እምነት ቡድን 39 አባላት፣ ኮከቡን ተከትሎ የመጣ መንኮራኩር ይወስደናል ብለው ራሳቸውን አጠፉ። ሠላሳ ዘጠኝ ነፍስ! ስለዚህ ነው የኮከብ ቆጣሪ ወሬ ተራ ጨዋታ አይደለም የምለው።

ከደገኞቹ ጠባቂዎች ግን የምንማረው አለ። ያላዩትን አየን አይሉም። ያዩትን ሰዓቱንና ቦታውን ጽፈው ለሌሎች ያቀርባሉ፤ ሌላው ሲያረጋግጥ ብቻ ይጸድቃል። እ.ኤ.አ በ1995 ወደ ጠፈር የተላከችው ሶሆ የተባለች መንኮራኩር በምታነሳቸው ሥዕሎች እስከ ማርች 2024 ድረስ 5,000 ጅራታም ኮከቦች ተገኝተዋል። አብዛኞቹን ያገኙት እንዲህ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? እኛም በረመዳን ዋዜማ ፀሐይ ስትጠልቅ ምዕራቡን እያየን ሂላልን የምንጠባበቅ ሕዝብ ነን። ምስክርነት አማና መሆኑን ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባናል።

ስለዚህ ጅራታም ኮከብ ሲመጣ ውጡና እዩ፤ ልጆቻችሁንም አሳዩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን በቴሌስኮፕም ሆነ በባይኖኩላር ወደ እርሷ አቅጣጫ አትመልከቱ፤ ዓይን ይጠፋል፤ ዓይንም አማና ነው።

ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት በሽተኛ ቤታችሁ ቢኖር ዱዓችሁን አትተዉ። ንግዱ የደመቀለት፣ ልጁ የተመረቀለትም ቢሆን በድምቀቱ አይኩራ። ከፀሐይ ጀርባ ማን እንደሚወጣ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ኮከቡ ሲጠልቅ ባዩ ጊዜ ልባቸውን ከሚጠልቅ ነገር አንስተው ወደማይጠልቀው ጌታ መለሱ። የእኛም መንገድ ይኸው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ምልክቶቹን አይተው ከሚያስተነትኑት፣ ነገን ለእርሱ ትተው ዛሬን ከሚሠሩበት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።