ኪኒኑ የማን አማና ነው?

ገላችን የአላህ አማና ነው እያልን የምንገሥጸው አብዛኛውን ጊዜ ሲጋራ አጫሹንና ጫት ቃሚውን ነው። እኔ ግን ይህንኑ ቃል በአንድ ሕመምተኛ ሽማግሌ ላይ ሰንዝሬ አፍሬያለሁ።

ሽማግሌው ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ፣ ለኩላሊት እጥበት አዲስ አበባ መጥተው ከልጃቸው ቤት ያረፉ ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ይታጠባሉ። አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቤቴ ጋበዝኳቸው። ክንዳቸውን ደጋግመው ሲያኩ አይቼ "ሐጂ፣ ምን ሆነው ነው?" ብላቸው "ፎስፌት የሚሉት በዝቶብሃል አሉኝ" አሉ። በቀን ሦስቴ የታዘዘላቸውን ኪኒን አንዴ ብቻ እንደሚውጡም ነገሩኝ። "ገላ አማና አይደለም ወይ?" አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው "ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ ምሳም አማና ነው" አሉኝ።

ይህ መልስ ስለ ኪኒኑ እንዳነብ አስገደደኝ። ፎስፌት በሥጋ፣ በወተትና በጥራጥሬ ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወግዳል። ማሽኑ ግን በሳምንት ሦስቴ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ቢያጥብ እንኳ በየቀኑ ከምግብ የሚገባውን ሁሉ አያወጣም። የተረፈው በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ገላን ያሳክካል፣ አጥንትን ያዳክማል፣ የደም ሥርን ያደነድናል። ኪኒኑ፣ ካልሲየም ካርቦኔትም ይሁን ሴቬላመር፣ ፎስፌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ በሰገራ ያስወጣዋል። ስለዚህ ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ለዚህ ጉዳይ አይረባም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። የራስ ምታት ኪኒን የዋጠ ሰው ወዲያው ይሻለዋል። ይህኛው ቢተው ግን ጉዳቱ ዛሬ አይታይም፤ ዋጋው ግን ዛሬ ይከፈላል። የተወውን ሰው "ቸልተኛ" እንለዋለን። ለመሆኑ ቸልተኝነት ማለት አቅም እያለ መተው አይደለምን? ሐጂ በሁለት አማናዎች መካከል የቆሙ ሰው ናቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሰው በኩርሙክ በኩል ሸሽቶ ገብቷል፤ ሐጂም ገንፏቸውን ከማያውቁት ሰው ጋር ተካፍለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ለራሱ ሲል ከልጆች ምሳ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

"ታዲያ ሰው ለራሱ ኃላፊነት የለበትምን?" የሚል ይኖራል። አለበት። ሐጂም ኪኒን የሚቆጠርላቸው ሕፃን አይደሉም። ነገር ግን የኪኒኑ ሰዓት የማዕድ ሰዓት ነው፤ ማዕዱን ያቀረብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የሚስማማቸውን ሳልጠይቅ ሥጋ ደራረብኩ። በፋብሪካ የተጨመረ ፎስፌት ከጥራጥሬው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም የሚገባ መሆኑን ሳላውቅ ኮላ ቀዳሁላቸው። በሰው ፊት ኪኒን ማውጣት ያሳፍራቸው እንደሆነም አላሰብኩም። ይህን ሁሉ አድርጌ ስለ አማና ሰበክሁ!

ወገኖቼ፣ ለሕመምተኛ ገንዘብ ስናዋጣ የእጥበቱን ዋጋ እናስባለን፤ ትንሿን ኪኒን እንረሳለን። ዘካና ሰደቃችንን ስናሰላ እርሷንም እንቁጠራት። እንግዳችንንም ሐኪሙ ምን እንደፈቀደለት አስቀድመን እንጠይቅ። ሐጂን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አማናው የእርሳቸው ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ከእርሳቸው ነው።

ወላሁ አዕለም።