ክፍተቱን የሞላው እንግዳ

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ በሚወርደው ቁልቁለት ጀሶ የበዛበት መሬት አለ። በዚያ መሬት ላይ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት ግንበኛ ጎን ለጎን የሁለት ውሃ ገንዳዎችን መሠረት አወጡ።

ሽማግሌው አርማታውን ጠጠር አድርገው አስቦኩ። የቀን ሠራተኞቹ «አካፋ እምቢ አለን» ቢሉም ውሃ አላስጨመሩም። ጠቅጥቀው ሞሉት፤ በዙሪያውም የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈሩለት። ወጣቱ ግን ሥራው እንዲቀልለት በጀሪካን ላይ ጀሪካን አስደፋ። አርማታው እንደ አጥሚት ፈሰሰለት፤ ቀድሞም ጨረሰ።

በዓመቱ ወጣቱ መሠረቱን በመዶሻ መታ። ድምፁ ጥርት አለ። «ጋሼ፣ ይስሙት! ይባስ ጠንክሯል!» ሽማግሌው ዝም አሉ።

ጥቂት ክረምት አለፈ። የወጣቱ ገንዳ መሠረት ማዕዘኖች ነጡ፤ ተሰነጠቁ፤ ኋላም በጣት ሲነኳቸው ይፈረፈሩ ጀመር።

«ጋሼ፣ እየጠነከረ አልነበረም እንዴ?»

«እየሞላ ነበር፣ ልጄ። ሲሚንቶ ለራሱ የሚበቃውን ውሃ ይይዛል። ትርፉ ሲደርቅ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። የጀሶው ሰልፌት በእርጥበት ታዝሎ በዚያ ገባ፤ ከሲሚንቶው ኖራና አሉሚና ጋር ተዋህዶ መርፌ የመሰለ ማዕድን ሆነ። የተማሩት ኤትሪንጋይት ይሉታል። መጀመሪያ ባዶውን ሞላልህ፤ በመዶሻ መትተህ የተደሰትኸው ያኔ ነው። ቦታ ሲያልቅበት ግን ማደጉን አልተወም፤ ባለቤቱን ገፋ። አርማታ ከላይ ሲጫኑት ይችላል፤ ከውስጥ ሲወጥሩት ይሰነጠቃል። በስንጥቁም ሌላ ውሃ ይገባል።»

«አሁን ምን ይሻለኛል?»

«አፍርሰህ ሥራ። አፈሩን አስመርምር፤ ሰልፌት የሚቋቋም ሲሚንቶ ግዛ። ከሁሉ በፊት ግን ውሃውን ለካ። ቀዳዳ የበዛበትን አርማታ ሲሚንቶው ብቻውን አያድነውም።»

ከአቅሙ በላይ መኖር የለመደ ሹምም እንዲሁ ነው። ልክ ያጣ ኑሮው ቀዳዳ ይተውበታል፤ «ለሻይ» ተብላ የምትሰጠው ገንዘብ በዚያ ትገባለች። መጀመሪያ ክፍተቱን ትሞላለታለች፤ ቤቱም የጸና ይመስለዋል። ነገር ግን በሞላችው ልክ አትቆምም። ቦታ ስታጣ እውነትን ትገፋለች፤ ቀጥላ ህሊናን፤ በመጨረሻ ሰውየውን ራሱን። ስንጥቁ በአደባባይ ሲታይ ውስጡ ከተበላ ቆይቷል።

የምንቆምበትን አፈር ሁልጊዜ አንመርጥም፤ ጀሶው ቀድሞን የነበረ ነው። ውሃውን የምንለካው ግን እኛው ነን።