አውጫጭኝና የሴፍቲኔት መዝገብ

ከአብዮቱ በፊት በወሎ ደጋ በሬ ተሰርቆ ወይም ክምር ተቃጥሎ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ በሌላው አገር አፈርሳታ የሚሉት ነው። የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ እርሻ መመለስ የለም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ታማኞች በሚስጥር ይነግራል፤ እነሱም የነጋሪውን ስም ሳያወጡ ወፍ እንደነገረቻቸው አድርገው ለጉባኤው ያቀርባሉ። ሌባው ካልተገኘ አገሬው አዋጥቶ የበሬውን ዋጋ ለባለቤቱ ይከፍላል።

ይህን ሸንጎ ያነሳሁት ናፍቆኝ አይደለም። በጆሮ መናገር ስለተፈቀደ ቂም ያለው ሰው ጠላቱን ሊያስበላበት ይችል ነበር። ድሃ ገበሬም በእርሻ ወቅት ቀኑን እዚያው ሲያባክን ይውላል። አንድ ነገሩ ግን አሁንም ይጠቅመናል፦ አውጫጭኝ የሚጠራው በሬው መጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጉዳቱ፣ ቀጥሎ ሰውየው። ጎረቤቱን «ደህና ሆኖ ሳለ አካል ጉዳተኛ ነኝ ብሎ እርዳታ ይበላል» ብሎ የሚጠረጥር ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከሰውየው ነው። ጉዳቱን የሚፈልገው በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ ባለው የወሎ ደጋ እንግዳ ወሬ አይደለም። ሴፍቲኔት የሚባለው የእርዳታ ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ተረጂውን ሁለት ቦታ ከፈለው። ጉልበት ያለው ቤተሰብ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ተቆጥሮበት እህሉን ወይም ገንዘቡን ይቀበላል። ጉልበት የሌለው፣ ማለትም አዛውንቱ፣ አካል ጉዳተኛውና የረጅም ጊዜ ሕመምተኛው፣ ያንኑ ሳይሠራ ያገኛል። ይህ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። በወቅቱ ስሌት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ማለት ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሠራተኛው የዓመቱን ግማሽ ሲከፈለው ቋሚ የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚው 12ቱንም ወር እንዲያገኝ ተደረገ። በጥር ብርድ ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ሰው የጎረቤቱን በር አልፎ ሲገባ ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም።

አንድ አባወራ እንውሰድ። ስሙ በቀጥታ ድጋፍ መዝገብ አለ፤ በገበያ ቀን ግን ሩብ ኩንታል ጤፍ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲሄድ ታይቷል። መንደሩ ፈረደበት። ግን ይህ ሰው የሚጥል በሽታ ቢኖርበትስ? ሜዳ ላይ ጆንያ መሸከም ይችላል፣ ገደል አፋፍ ላይ ድንጋይ ሲፈነቅል ግን ቢወድቅ አያድርገው ነው። ወይም እግሩ ላይ በቀይ አፈር የሚመጣው እብጠት፣ ፖዶኮንዮሲስ፣ ይኖርበት ይሆናል። ይህ በሽታ በየጊዜው እየተነሳ ሰውየውን በትኩሳትና በቁስለት ለቀናት አልጋ ላይ ይጥለዋል፤ ሲተወው ጫማውን አጥልቆ እንደ ማንም ይራመዳል። ገበያተኛው የሚያየው የተራመደበትን ቀን ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ዝም ማለትም በነጻ አይገኝም። የሴፍቲኔት ኮታ የተወሰነ ስለሆነ መዝገብ ላይ አለአግባብ የተቀመጠ ስም የሌላ ሰው ቦታ ይይዛል። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ምናልባት በመንደሩ ቅሬ (እድር) ውስጥ ያለች ዓይነ ስውር አሮጊት ናት። እዚህ ላይ የጠፋው በሬ ተገኘ ማለት ነው፦ እከሊት መግባት ሲገባት ቀርታለች። ለእኔ ትክክለኛው መነሻ ይኸ ነው። ስለቀረችው ሴት የሚያስረዳ ሰው ስለ ጎረቤቱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጉዳዩን ማንቀሳቀስ ይችላል።

ጥቆማ የሚለው ነገር አገራችን ውስጥ መጥፎ ጠባሳ አለው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀበሌ ስብሰባ አጋልጥ የተባለ ሰው ጎረቤቱን እየጠራ ስንት ቤት ፈርሷል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሽማግሌ ወደ መንግሥት ቢሮ ስም ይዞ መሄድን ይጸየፋል፤ መጸየፉም አይፈረድበትም። ሀብታም አገርም ቢሆን በስልክ ጥቆማ ብዙ አላተረፈም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ሕዝብ ከጠቆማቸው የእርዳታ ማጭበርበር ጥርጣሬዎች ውስጥ ተመርምረው የተዘጉት 1,041,219 ነበሩ፤ ከነዚህ በ887,468ቱ በቂ ማስረጃ ወይም ጭራሽ ማስረጃ አልተገኘም። ተጠርጣሪው ግን እስኪጣራ ይሳቀቃል፤ ጠቋሚው ማንነቱ ስላልታወቀ የሚጠየቅበት የለም። አውጫጭኝ በዚህ ይሻል ነበር፤ ሰሚው የታወቀ ሰው ነው፣ ሌባው ካልተገኘም ዕዳው የሁሉም ነው።

የሴፍቲኔት አሠራር ራሱ ከስልኩ ይልቅ ለሸንጎው ይቀርባል። ተጠቃሚ የሚመርጠው የመንደር ግብረ ኃይል ነው፤ ዝርዝሩ በሕዝብ ስብሰባ ይሰማል፣ በየዓመቱም ይከለሳል። ቅር ያለው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። እዚያ የሚቆም ሰው የሚናገረው ያየውን ብቻ ቢሆን ይበጀዋል፦ «ልጁ ከአዲስ አበባ ተመልሶ አብሮት ይኖራል፣ እሱ ለሥራ ይድረስ» ማለት የሚጣራ ነገር ነው። «የሚያስመስል ይመስለኛል» ግን የማንም ማስረጃ አይደለም። ከዚያ በፊት ወደ ቤቱ ጎራ ብሎ «ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ሆነ?» ማለትም ይቻላል። ቡናው ሳይፈላ ነገሩ የሚገለጽበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ዓይነት ማጭበርበር ግን ቡናም ሽምግልናም አይጠብቅም። መክፈያው ቦታ ድረስ መሄድ የማይችል አካል ጉዳተኛ በተወካይ ይቀበላል። ተወካዩ ግማሹን አስቀርቶ ቢሰጠው፣ ወይም ሰውየው ሞቶም ስሙ እየተጠራ ገንዘቡ ቢወጣ፣ የተዘረፈው ራሱ መናገር ስለማይችል ሌላ ሰው ይናገርለታል። ተጠርጣሪው የኮሚቴ አባል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከቀበሌው ወጥቶ ወረዳ ይድረስ፤ በጽሑፍ፣ ስንት ወር እንደተወሰደ ተቆጥሮ፣ የጸሐፊው ስም ከታች ሰፍሮ።