የሌላ ሰው ፎልደር በማን ፈቃድ ይከፈታል?

በማኅበር ጽሕፈት ቤት ያለ ኮምፒውተር ብዙ እጅ ያልፍበታል። ዛሬ የሚሠራው ጸሐፊ ነገ ይለቃል፤ በስሙ የተከፈተው ፎልደር ግን እዚያው ይቀራል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ ኮምፒውተር የቀየሩ አሉ። አሮጌውን ዲስክ ከአዲሱ ጋር ሲያገናኙ ፎልደሩ «መግባት አይፈቀድም» ሊላቸው ይችላል።

ይህ የሚሆነው ፎልደሩ ስለ ተበላሸ አይደለም። ዊንዶውስ ሰውን የሚለየው በስሙ ሳይሆን ለአካውንቱ በሰጠው ረጅም ቁጥር ነው። ስለዚህ በዚያው ስም አዲስ አካውንት ብንከፍትም ቁጥሩ ሌላ ነውና እንደ እንግዳ ይቆጥረናል። ሆኖም የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ የፎልደሩን ባለቤትነት ወደ ራሱ አዙሮ ለራሱ የማንበብ ፈቃድ መስጠት ይችላል። ፋይሎቹ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፉ ከሆነ ግን ያለ ቁልፉ አይነበቡም።

የእኛ ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። መሣሪያው ባለቤት ናችሁ ስላለን ባለቤት ሆንን ወይ? በአማርኛችን ባለቤት የሚለው ቃል ለንብረት ጌታም ለትዳር ጓደኛም ይነገራል፤ ሁለቱም ማውስ በመጫን የሚገኙ አይደሉም።

ኮምፒውተሩ የማኅበሩ ስለሆነ በውስጡ ያለውም የማኅበሩ ነው የሚሉ አሉ። ለቃለ ጉባኤና ለሒሳብ እውነት ነው። ነገር ግን በእኛ ዘንድ የጸሐፊ ሥራ በዚህ አያበቃም። ዕብራይስጥ የማያነቡ አባቶችና እናቶች ደብዳቤያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጸሐፊውም ያነብላቸዋል፣ መልስ ይጽፍላቸዋል። ጎንደር ስለ ቀረ ልጅ፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ትዳር ጠብ የተነገረው ሁሉ በዚያ ጸሐፊ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። እናቲቱ ምስጢሯን የነገረችው ለአንድ ሰው ነው እንጂ ከእርሱ በኋላ በዚያ ወንበር ለሚቀመጥ ሁሉ አይደለም።

ዘግቶ መተውም አክብሮት አይመስለንም፤ የልጇ ጉዳይ ማስረጃ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ አሮጌ ዲስክም ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ የቀድሞው ጸሐፊ የሚገኝ ከሆነ ተጠርቶ ራሱ ይለይ። ካልተገኘ ሁለት ሰዎች አብረው ይክፈቱት፤ የፋይሉን ስም አይተው ባለጉዳዩን ይጥሩ እንጂ ደብዳቤውን አያንብቡ። ታትሞ በእጁ ይሰጠው፤ ከኮምፒውተሩ ይጥፋ ወይስ ይቆይ የሚለውን እርሱ ይወስን።

አስቸጋሪው ባለጉዳዩ ያረፈ እንደ ሆነ ነው። ለልጆቹ ይሰጥ እንዳንል ከልጆቹ የደበቀው ነገር ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቻችን ይጥፋ እንላለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ልጆቹ የአባታቸውን ቃል ሌላ ቦታ አያገኙትም ብለን እንከራከራለን። በዚህ ገና አልተስማማንም፤ አንባብያን የሚሉትን ብትጽፉልን ደስ ይለናል።