ከዳር መጀመርና ከዳር መቅረት

ባለፈው ቅዳሜ በሠፈራችን የቼዝ ውድድር ተሸንፌአለሁ። ይህን የምጽፈው ለማጉረምረም ሳይሆን፣ ከገበታው ያነሣሁት አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ስለ ነሣኝ ነው። ይኸውም፦ ትዕግሥትና ፍርሃት በምን ይለያሉ?

ነጭ ደርሶኝ ነበር። የመሃሉን ወታደሮች ሳልነካ ከግራ ሦስተኛውን ሁለት ቤት ገፋሁ። ይህ ከዳር የመጀመር ስልት ነው፤ መሃሉን ለጊዜው ለባላጋራ ትቶ ከጎን እየተመለከቱ መጠበቅ። ስልቱ የፈሪ አይደለም። ሪቻርድ ሬቲ እ.ኤ.አ. በ1924 ኒው ዮርክ ላይ፣ ለስምንት ዓመት ያልተሸነፈውን የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካን የረታው ከዳር ጀምሮ ነው። ነገር ግን በ16ኛው እርምጃ የመሃሉን ወታደር ገፍቶ ፍልሚያውን ራሱ ከፈተ።

እኔስ? ባላጋራዬ ሁለት ወታደሮች መሃል ላይ ሲተክል፣ አንዱን ወታደሬን ሠውቼ ሰልፉን የምሰብርበት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ አይቼዋለሁም። «ገና ነው» ብዬ የጥጉን ወታደር አንድ ቤት ገፋሁ። በሚቀጥለውም «ገና ነው» አልሁ። ሁለቱ ወታደሮች እየገፉ መጥተው ፈረሶቼን መፈናፈኛ አሳጧቸው፤ ንጉሤም በገዛ ወታደሮቹ መካከል ታፍኖ ተያዘ። ባላጋራዬ፣ በዕድሜ ታናሼ የሆነ አናጢ፣ እጄን ጨብጦ «መምህር፣ ከዳር መጀመርዎስ ደግ ነበር፤ ወደ መሃል መቼ ሊመጡ አስበው ነበር?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት በእህል ወረፋ አንድ ጎረምሳ አንዲት አሮጊት ገፍትሮ ተራቸውን ሲወስድ አይቼ፣ «ጊዜና ቦታ አለው፤ በስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ» ብዬ ነበር። ስብሰባው ደረሰ። እኔ የተናገርሁት ስለ ጠመኔ እጥረት ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን፤ እውነት ነው። ግን እግር የሚያወጣው በውስጡ ሕይወት ያለው እንቁላል ነው፤ ሌላው ምንም ቢታቀፉት ይገማል እንጂ አይሄድም። ታጋሽ ሰው የሚከፍለውን ዋጋና የሚከፍልበትን ሰዓት አስቀድሞ ለራሱ ይወስናል። ፈሪ ግን ቀን አይቆርጥም፤ ቀን ስለማይቆርጥም ጊዜው እንዳለፈበት ማንም አይነግረውም። ከውጭ ሲያዩዋቸው ሁለቱም ዝም ያሉ ናቸውና ፍርዱ ለራስ የተተወ ነው።

ሳይዘጋጁ መሃል መግባትም ጥፋት መሆኑን አልክድም። ስለዚህ በሚቀጥለው ውድድር አሁንም ከዳር እጀምራለሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ግን የመጀመሪያውን የመናገር ተራ አስመዝግቤአለሁ፤ ጉዳዩም የወረፋው ነው።