አያት ልጅ ያበላሻል ወይ?

ምንባብ፦ ዘፍጥረት 48፥8-20፤ ዘካርያስ 8፥4-5፤ ምሳሌ 26፥18-19



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየብሎካችን በየቀኑ የሚሰማ ነው። አዲስ ሕፃን በተወለደበት ቤት አያት ከትልቁ ልጅ ጋር አኩኩሉ ሲጫወቱ፥ ወይም በጉልበታቸው ተንበርክከው ፈረስ ሲሆኑለት፥ እናት ወይም አባት ይመጣና "አባባ፥ ኧረ ልጁን አያበላሹብን! እሱ አሁን ትልቅ ሆኗል፥ ሄዶ ውሃ ይቅዳ" ይላል። አያትም "ተወው እስቲ፥ ልጅ አይደለም እንዴ?" ይላሉ። ታዲያ ማን ነው ትክክል? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

በመጀመሪያ የወላጅን ሐሳብ በቀላሉ አንለፈው። እዚህ ካኩማ ኑሮ ቀላል አይደለም። ውሃ የሚለቀቀው በሰዓቱ ነው፤ ጀሪካኑን ቀድሞ ያላሰለፈ ባዶውን ይመለሳል። እናት አራስ ናት፥ ገና አልጠነከረችም። አባት ራሽን ሊቀበል ወይም የሕፃኑን ስም ማኒፌስት ላይ ሊያስጨምር ሄዶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ቤት ውስጥ የቀረው እጅ የትልቁ ልጅ እጅ ብቻ ነው። ደግሞስ ሥራ የማያውቅ ልጅ ነገ እንዴት ይኖራል? በአገራችን "አያት ያሳደገው" ሲባል ስድብ እንጂ ምስጋና አይደለም። ምሳሌ 22፥6 ላይም ልጅን ገና ከልጅነቱ መንገዱን ማስተማር እንደሚገባ ተጽፏል። ስለዚህ "አያበላሹብን" የምትለው እናት ክፉ ሆና አይደለም። ደክሟት ነው፥ ስለ ነገም ፈርታ ነው።

ነገር ግን ዝቅ ብለን በልጁም ዓይን እንየው። አራት ዓመቱ ነው እንበል። እስከ ትናንት ከእናቱ ጎን ይተኛ ነበር፤ አሁን ወደ ጥግ ተገፍቷል። ጎረቤት እልል እያለ ይገባል፥ ገንፎ ይገነፋል፥ የመጣው ሁሉ ሕፃኑን አይቶ ይመርቃል። እሱን ግን "ዞር በል፥ አትጩህ፥ ሕፃኑን እንዳትቀሰቅሰው" ነው የሚሉት። እዚህ ካምፕ ደግሞ ሌላም የሚሰማው ነገር አለ። ትልልቆቹ ማታ ማታ "አንድ ሰው ጨመርን፥ ራሽኑ ደግሞ ተቀንሷል፥ እንዴት ይዳረሳል?" እያሉ ሲያወሩ ይሰማል። ልጅ አይሰማም አትበሉ፥ ይሰማል። ዱቄትና ዘይት ሲካፈል አይቷል፤ ሰው ሲበዛ ድርሻ እንደሚያንስ ያውቃል። ስለዚህ ፍቅርም እንደ ራሽን በሰው ቁጥር የሚካፈል ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ መሽናት ይጀምራል፥ እንደ ሕፃን ይኮላተፋል፥ ማንም ሳያየው ሕፃኑን ይቆነጥጣል። እኛ "ቅናት ነው" ብለን እናልፈዋለን። ቅናትም ይሁን፤ ከቅናቱ በታች ግን ጥያቄ አለ። ልጁ በቃል መናገር ስላልቻለ ነው እንጂ የሚጠይቀው "ለምንም ባልጠቅማችሁም የእናንተ ነኝ ወይ?" ብሎ ነው።

ይህን ጥያቄ በሥራ ልንመልስለት አንችልም። "ጎበዝ፥ ውሃ ቀዳህ" ማለት ጥሩ ነው፤ እንበለው። ሌላ ካልሰማ ግን "የሚወዱኝ ስሠራ ነው" ብሎ ይይዛል። ለሴት ልጅ ደግሞ ይብሳል። ሰባት ዓመት ሳይሞላት ሕፃን ታዝላለች፥ ቤት ትጠርጋለች፥ "አንቺ እኮ ሁለተኛ እናት ነሽ" ትባላለች። ምስጋና ነው፤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷን ልጅ የሚላት ሰው ይጠፋል።

እንግዲህ አያት ፈረስ ሲሆኑ ምን እንደሚሠሩ እዚህ ላይ ይታያል። ማን ይከፍላቸዋል? ማንም። ጉልበታቸው ያማቸዋል፥ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ከዚህ በኋላ ያላቸው ዕድሜ ከእኛ ያንሳል፤ ከዚያች ዕድሜ ላይ ቆርሰው ምንም ለማያተርፍ ጨዋታ ይሰጣሉ። ልጁ ይህን አስቦ አይረዳውም፥ ግን በሆዱ ይገባዋል። "አባባ ከእኔ ጋር የሚጫወቱት ስለሠራሁ አይደለም፥ እኔ ስለሆንኩ ነው" ይላል። እኛ በስብከት ጸጋ እያልን የምንናገረውን ነገር ልጁ በመጀመሪያ የሚቀምሰው በአያቱ ጀርባ ላይ ነው። ጌታም በማርቆስ 10፥13-16 ደቀ መዛሙርቱ ሕፃናትን ሲከለክሉ ተቈጣ፤ አቀፋቸው፥ እጁን ጭኖም ባረካቸው። ሕፃናቱ ምን ይዘው መጡ? ምንም ይዘው አልመጡም።

አሁን ወደ ያዕቆብ እንሂድ። ያዕቆብ በረሃብ ምክንያት አገሩን ትቶ ወደ ግብፅ የወረደ ሽማግሌ ነው። በዚያም በባዕድ አገር 17 ዓመት ኖረ (ዘፍ. 47፥28)። ልጁ ዮሴፍ ታላቅ ሹም ነበረ፤ ሥራው እህል ማከማቸትና ለሕዝብ ማደል ነበር። ሰው ሁሉ "እህል ስጠን" እያለ ወደ እሱ ይመጣል። የዮሴፍ ልጆች ምናሴና ኤፍሬም በስደት አገር የተወለዱ ናቸው፤ የአያታቸውን አገር አላዩም። ያዕቆብ ሊሞት ሲቃረብ ዓይኑ ፈዝዞ ሳለ ወደ እሱ አቀረቡአቸው፥ እሱም ሳማቸው፥ አቀፋቸውም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ ስናነበው ትንንሽ ልጆች ይመስሉናል። ግን ቍጠሩት። ሁለቱም የተወለዱት ረሃቡ ሳይጀምር ነው (41፥50)። ያዕቆብ የመጣው በረሃቡ ሁለተኛ ዓመት ነው (45፥6)፤ ከዚያ 17 ዓመት ኖረ። ስለዚህ በዚያን ቀን ሁለቱም ወደ 20 ዓመት የደረሱ ወጣቶች ነበሩ። ያዕቆብ ግን "ትልቅ ሆናችኋል፥ ዞር በሉ" አላለም። ጎልማሳ ሲያክሉ አቀፋቸው። እኛ የአራት ዓመቱን ልጅ "ትልቅ ነህ" ብለን ከጭን እናወርደዋለን፤ ያዕቆብ የ20 ዓመቱን አቀፈ።

ደግሞ በዚያው ምዕራፍ 48፥5 ላይ እነዚህን በባዕድ አገር የተወለዱ ልጆች እንደ ሮቤልና እንደ ስምዖን የእኔ ናቸው አለ። ሁለት ስለተጨመሩ የሌሎቹ ልጅነት አልቀነሰም። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ካኩማ ካምፕ ከተከፈተ ከ1992 (በፈረንጆች) ጀምሮ እዚህ የተወለዱ ብዙ ልጆች አሉ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ራሳቸው ወላጅ ሆነዋል። ወረቀት ላይ ቁጥር ናቸው። "የእኔ ነህ" የሚላቸው ሽማግሌ ግን ያስፈልጋቸዋል።

ነቢዩ ዘካርያስም ከምርኮ ለተመለሱት ሰዎች ሲናገር ከተማይቱ ገና አልተጠገነችም ነበር። እግዚአብሔር ሰላም ሲመጣ ምን እንደሚመስል አሳያቸው። ከዕድሜ ብዛት ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በአደባባይ ተቀምጠዋል፥ መንገዱም በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ተሞልቷል (8፥4-5)። እስቲ አስቡት። ሥራ መሥራት የማይችሉትን ሽማግሌዎችና የሚጫወቱትን ልጆች ነው ያሳያቸው። እንግዲህ ማታ ፀሐይ ስትበርድ ኒሙ ዛፍ ሥር አያት ከልጅ ጋር ገበጣ ሲጫወቱ ብታዩ፥ ጊዜ እየጠፋ ነው አትበሉ። እግዚአብሔር የሰላም ምልክት ያደረገውን ነገር ነው የምታዩት።

ስለዚህ ለጥያቄው የእኔ መልስ፥ ጨዋታ ልጅን አያበላሽም የሚል ነው። ግን አያቶችም ስሙኝ፥ የሚያበላሽ ነገር አለ። ሦስቱን ልናገር።

አንደኛው፥ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ነው። ይስሐቅ ዔሳውን ወደደ፥ ርብቃ ያዕቆብን ወደደች (25፥28)፤ ቤቱ ተከፈለ። ያዕቆብም በተራው ዮሴፍን ከወንድሞቹ አብልጦ ወደደ (37፥3-4)፤ ምን እንደመጣ ታውቃላችሁ። አዲሱን ሕፃን ብቻ እያቀፉ ትልቁን መርሳት፥ ወይም ወንዱን እያጫወቱ ሴቷን ወደ ምድጃ መስደድ ያው ነው።

ሁለተኛው፥ የወላጅን ቃል ማፍረስ ነው። "እናትህን ተዋት፥ እኔ ፈቅጄልሃለሁ" ማለት ጨዋታ አይደለም። ልጁ ውሃ ሊቀዳ ከተላከ፥ አብራችሁት ሂዱና በመንገድ እንቆቅልሽ ጠይቁት። ሥራውም ይሠራል፥ ጨዋታውም አይቀርም።

ሦስተኛውን ብዙዎቻችን ስለለመድነው አናየውም። ትልቁን ልጅ "በቃ እናትህ ተወችህ፥ አሁን የምትወደው ሕፃኑን ነው" ብሎ መቀለድ ነው። ጎረቤትም፥ አጎትም፥ አያትም ይለዋል። ልጁ ፊቱ ሲለወጥ እንስቃለን፥ ሲያለቅስ "ኧረ ስቀልድ ነው" እንላለን። ምሳሌ 26፥18-19 ባልንጀራውን አታሎ በጨዋታ ነው የሚልን ሰው እሳትና ፍላጻ ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል። ያ ልጅ ሲፈራ የነበረውን ነገር ነው እኮ በአፋችን ያረጋገጥንለት! አንዱ ጨዋታ "የእኛ ነህ" ይላል፥ ሌላው "የእኛ አይደለህም" ይላል። ሁለቱም ያስቃሉ። በምን እንለያቸው? ልጁም አብሮ የሚስቅ ከሆነ ጥሩ ነው። እኛ ብቻ የምንስቅ ከሆነ ይቅር።

"እኛ ግን እዚህ አያት የለንም" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አያቶቹ አገር ቤት ቀርተዋል፥ አንዳንዶቹ ልጁን ሳያዩ አርፈዋል። ኔትወርክና ካርድ ሲገኝ በስልክ "አለሁ በል የኔ ጌታ" ይሉታል፥ ልጁ ዝም ብሎ ስልኩን ያያል። ይህ ከባድ ነው፥ አላቀለውም። ነገር ግን እዚሁ በብሎካችን የልጅ ልጆቻቸው ተበትነው ብቻቸውን የሚውሉ እማማዎችና አባባዎች አሉ። ሩት የወለደችውን ልጅ ኑኃሚን በእቅፏ ይዛ ሞግዚት ሆነችው፤ ጎረቤቶቿም ለኑኃሚን ልጅ ተወለደላት አሉ (ሩት 4፥16-17)። ሩት የልጇ ሚስት እንጂ የሆዷ ልጅ አልነበረችም። ሁለቱ ልጆቿ በሞቱባት ሴት እቅፍ ውስጥ ሕፃን ገባ። ስለዚህ የአራስ ቤት ስትጠይቁ ገንፎ ብቻ አትውሰዱ፤ ብቻቸውን ያሉትንም እማማ ይዛችሁ ሂዱ። እናት ሕፃኑን ስታጠባ እሳቸው ለትልቁ ተረት ይንገሩት። እናት ታርፋለች፥ ልጁ ይስቃል፥ እማማም የሚጠብቃቸው ሰው ይኖራል።

እናንተ ወላጆችም ጨዋታን ለአያት ብቻ አትተዉ። ብዙ ጊዜ የለንም፤ አውቃለሁ። ግን ሕፃኑ ሲተኛ፥ ወይም ትልቁን ስታጥቡት፥ ጥቂት ደቂቃ ለእሱ ብቻ ይሁን። በዚያች ደቂቃ "ዛሬ ምን ሠራህ?" አትበሉት። ዝም ብላችሁ አቅፋችሁ ኮርኩሩት። አባቶች በተለይ! ልጅ አቅፎ መሳቅ ከወንድነታችሁ ምንም አይቀንስም።

ራሽን በሰው ልክ ይካፈላል፤ እሱን መለወጥ በእኛ እጅ አይደለም። የቤታችን ፍቅር ግን ሰው ሲጨመር እንዳይቀንስ ማድረግ በእጃችን ነው፤ ልጁም ይህን የሚያምነው ስናቅፈውና ስንጫወት አይቶ ነው።

በቤታችሁ ተነጋገሩበት፦ በዚህ ሳምንት በቤታችን "ትልቅ ነህ" የተባለው ማን ነው? ያቀፈውስ ማን ነው?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፥ ምንም ሳይዙ የመጡትን ሕፃናት ያቀፍህ አንተ ነህ። በዚህ በስደት ምድር የተወለዱትን ልጆቻችንን ባርክ። አራሶችን አበርታ። ለሽማግሌዎቻችን ዕድሜና ሳቅ ስጣቸው። እኛንም እንደ ራሽን ከመቍጠር አውጣን። አሜን።