ድሮ ኳስ ነበር

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ሰዎች ሻይ ቤት ተቀምጠው ስለ እግር ኳስ ሲያወሩ ብትሰሙ፣ ወሬው ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በአንድ አባባል ነው፦ «ድሮ ኳስ ነበር»። ቅዳሜ ማታ አርሰናልን ወይም ማንቸስተር ዩናይትድን ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት የምትሰበሰቡ ወጣቶች ይህን ስትሰሙ ወይ ትስቃላችሁ፣ ወይ ለሽበቱ ክብር ስትሉ ዝም ትላላችሁ። እኔ ዛሬ ከሁለቱም የተሻለ ነገር እንድታደርጉ ልጠይቃችሁ ነው። አባባሉን በቁም ነገር ይዘን እንመርምረው። ከኳስ የሚበልጥ ጥያቄ አለበትና፦ ያለፈውን ማስታወስ መቼ መልካም ነው? መቼስ ኃጢአት ይሆናል?

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር የሚናገር ይመስላል። በዘዳግም 32፥7 ሙሴ ሕዝቡ የቀደመውን ዘመን እንዲያስቡ፣ አባቶቻቸውንና ሽማግሌዎቻቸውን እንዲጠይቁ ያዛል። በመክብብ 7፥10 ደግሞ ሰባኪው፣ የቀድሞው ዘመን ከዛሬው ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅ ከጥበብ እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል። አንዱ ጠይቁ ይላል፤ ሌላው እንዲህ አትጠይቁ ይላል። ሁለቱም የእግዚአብሔር ቃል ከሆኑ፣ የሚለያዩበትን ቦታ ማግኘት አለብን።

በመጀመሪያ ግን ሽማግሌዎቹን እንስማ። «ድሮ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት አዲስ አበባ ስታዲየምን፣ በቀድሞ አጠራሩ ካምቦሎጆን ነው። የመቀመጫዎቹን ስም እንደ ልጆቻቸው ስም ይቆጥሩላችኋል፦ ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ። ገንዘብ ያለው ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ የሌለው ፀሐዩንና ዝናቡን ችሎ ይጮህ ነበር። ከዚያም ሳይወዱ በግድ 1954 ዓ.ም. ላይ ይደርሳሉ።

ቀኑ ጥር 13፣ እሑድ ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀን። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የተሰለፉት ቡድኖች አራት ብቻ ነበሩ፦ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ የእኛም ልጆች ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ያስቆጠረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል ጨመሩ፤ 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው ለአምበሉ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ያን ዋንጫ አንስታ አታውቅም።

ነቀምቴ ከዚያ ስታዲየም ወደ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስለዚህ ከወለጋ ሰዎች አብዛኞቹ ካምቦሎጆን ያዩት በጆሯቸው ነው። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስታሸንፍ፣ ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ ያስተላለፈውን ጨዋታ የሰሙ ሰዎች ዛሬም ድምፁን ሲያስታውሱ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። አንድም ቀን ገብተው የማያውቁት ስታዲየም የሕይወታቸው ክፍል ሆኗል። ይህን አትናቁት። እኛ ክርስቲያኖችም ሳናይ፣ ያዩ ሰዎች በነገሩን ቃል የምንኖር ሕዝብ ነን።

በዚህ ትዝታ ውስጥ እውነተኛ መልካም ነገር አለ። ደጋፊ ከድሉ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ዋንጫው ቤቱ አይገባም፤ ሽልማቱም ኪሱ አይገባም። እንዲያም ሆኖ ለመግቢያ ይከፍላል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ሌሎች ስላስቆጠሩት ጎል የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። ትርፍና ኪሳራ ሳያሰሉ አንድን ነገር ለዘመናት መውደድ በዘመናችን ብርቅ ነው። ቡድኑ ተሸንፎም እሑድ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ስለ ታማኝነት የሚያስተምረን ነገር አለው። ሙሴ ጠይቁ ያለው እንዲህ ያለውን እንዳይጠፋብን ይመስለኛል።

ታዲያ ሰባኪው ያስጠነቀቀው ምንድን ነው?

እኔ በተማርኩበት በወለጋ ዩኒቨርሲቲ የፋኩልቲዎች የእግር ኳስ ውድድር ነበረ። ዛሬ የዚያ ጊዜ ተማሪዎች ሰርግ ላይ ወይም ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ያ ጨዋታ መነሣቱ አይቀርም። 1 ለ 0 ያለቀው ጨዋታ መጀመሪያ 2 ለ 0፣ ቆይቶም 3 ለ 0 ሆኗል። ተቀያሪ ወንበር ላይ የዋለው ወዳጃችን አሁን ጎል አግቢ ነው። ሁላችንም እንስቃለን፤ ማንም የሚጎዳ የለም። ነገር ግን እዚህች ቀልድ ውስጥ የትዝታ ባሕርይ ይታያል፦ ትዝታ የሚወደውን ያሳድጋል፣ የማይመቸውን ይጥላል።

እስራኤል በምድረ በዳ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በዘኍልቍ 11፥5 በግብፅ ያለ ዋጋ የበሉትን ዓሣ፣ ዱባውን፣ ሽንኩርቱን እየጠሩ አለቀሱ። ዓሣው በእርግጥ ነበረ፤ አልዋሹም። የጡቡ ሥራ፣ የአስገባሪዎቹ ጅራፍ፣ ወንዝ የተጣሉት ሕፃናት ግን ከትዝታው ወጥተዋል። «ያለ ዋጋ» የተባለው ምግብ በባርነት የተከፈለበት ነበር። በእውነት ቁራጭ የተሠራ ትዝታ ከውሸት ይልቅ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ውሸት ይጋለጣል፣ ጎዶሎ እውነት ግን ራሱን ሲከላከል ይኖራል።

አሁን ወደ 1980ው ሬዲዮ እንመለስ። ከደምሴ ድምፅ ጀርባ ያለውን ዘመን አስቡ። የወንጌል ስብከት ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሷል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት የቦጂው ልጅ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገድለዋል። በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል፤ ምእመናን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈሱ ነበር። ያ የጎል ጩኸት የተሰማው በዚያ ዘመን ነው። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ምናልባትም በጭንቁ ምክንያት ይበልጥ ጣፍጦ ነበር። ነገር ግን ደስታውን ነጥሎ «ያ ዘመን!» የሚል ሰው፣ በዚያ ዘመን ደጁ የተዘጋበትን ጎረቤቱን ከታሪክ አስወጥቶታል። ሰባኪው ጥያቄው ከጥበብ አይደለም ያለው ለዚህ ይመስለኛል፦ ዘመንን ከዘመን የምናወዳድረው የአንዱን በዓልና የሌላውን ሥራ ቀን ይዘን ነው።

ከ1954ቱ ዋንጫም የወደቀ ነገር አለ። ሉቺያኖ ቫሳሎ አስመራ ላይ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ ነበር። አባቱ ጣሊያናዊ ነው ብለው አምበልነቱን የተቃወሙ ነበሩ፤ ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ግን ከጎኑ ቆሙ። ያ ሰው በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጣ፤ በጣሊያን ኖሮ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አረፈ። የአገሪቱን ትልቁን የኳስ ደስታ በእጁ የተቀበለው ሰው የእርጅናውን ዘመን በስደት አሳለፈ ማለት ነው። ዋንጫውን እያስታወሱ ባለ ዋንጫውን መርሳት ይቻላል። ብዙዎች እንዲያ አድርገዋል።

ከእናንተ አንዱ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «መምህር፣ ኳስ እኮ ነው! ሽማግሌው ጥቂት ቢያጋንኑ ምን ይሆናል? ደስታቸውን ለምን ትነጥቃቸዋለህ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የሽማግሌን ደስታ መንጠቅ ከእኔም ይራቅ። ነገር ግን በኳስ የምንለምደው አስተዋወስ በኳስ አያበቃም። በቤተ ክርስቲያን «በእኛ ጊዜ መነቃቃት ነበር» ሆኖ ይመጣል፤ የዛሬውን የመዘምራን ቡድን ያሳንሳል። በመንደር ደግሞ ከዚህ የከፋ ይሆናል። እናንተ መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ቀብር ሲበዛ ያደጋችሁ ናችሁ፤ የምናገረውን ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ወገን የተበደለውን በቀን በሰዓቱ ያስታውሳል፤ የበደለው ግን ከትዝታው ወድቋል። ማንም ዋሽቷል ማለት አይቻልም። ቂም ግን ከዚህ ጎዶሎ ትዝታ ይመገባል፤ ልጆችም ሳያዩት ይወርሱታል። ካምቦሎጆን ሳያዩ እንደ ወረሱት ሁሉ ማለት ነው።

በዘጸአት 20፥16 በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክር ታዘናል። ያለፈውን የሚያስታውስ ሁሉ ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ያየውን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የነበረውንም ይጠየቃል። እንግዲህ የሙሴና የሰባኪው ልዩነት እዚህ ይመስለኛል። ሙሴ ምስክር ስሙ አለ። ሰባኪው ያለፈውን ዘመን ዛሬ ላይ ለመፍረድ አትጥሩት አለ። ሽማግሌው ምስክር ሲሆን ትዝታው ርስት ነው፤ ፈራጅ ሲሆን ግን ወጣቱ ላይ የሚወረወር ድንጋይ ይሆናል።

ይህን በደንብ የሚያሳየን በዕዝራ 3፥12-13 ያለው ታሪክ ነው። የሁለተኛው ቤተ መቅደስ መሠረት ሲጣል፣ የፊተኛውን ያዩ ሽማግሌዎች በታላቅ ድምፅ አለቀሱ፤ ሌሎች በደስታ ጮኹ፤ የልቅሶውንና የእልልታውን ድምፅ ሰው መለየት አልቻለም። ቃሉ ሽማግሌዎቹን ስላለቀሱ አይወቅስም፤ ወጣቶቹንም ስለ ጮኹ አይወቅስም። ሁለቱም አንድ መሠረት ዙሪያ ቆመው ነበር። በሐጌ 2፥3-4 ደግሞ እግዚአብሔር የፊተኛውን ክብር ያየ ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ወዲያው ግን በርቱ፣ ሥሩ ይላል። ትዝታቸውን ጠየቀ፤ ከጠየቀ በኋላ ወደ ሥራው ላከው።

ነቀምቴ ዛሬ የራሷ የወለጋ ስታዲየም አላት። የእናንተ «ድሮ» እዚያ እየተሠራ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ የምትናገሩት ነገር ዛሬ አጠገባችሁ ማን እንደ ተቀመጠ፣ የተቃራኒውን ቡድን ደጋፊ ምን ብላችሁ እንደ ተሳደባችሁ ወይም ውኃ እንዳካፈላችሁት ይጨምር ይሆን?

አንድ ሥራ ልስጣችሁና ላብቃ። በሚቀጥለው የወጣቶች ፕሮግራማችሁ ከጉባኤያችሁ አንድ የድሮ ኳስ ወዳጅ አባት ጋብዙ። ሻይ አቅርቡላቸው፣ አታቋርጧቸው። 1954ን ወይም 1980ን ከሰማ ጆሮ ስሙ፤ በዕድሜ ያነሱ ከሆኑ ጥቅምት 4 ቀን 2005ን ይንገሯችሁ፤ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበትን ቀን። ሲጨርሱ በአክብሮት ጠይቋቸው፦ ያን ቀን አጠገብዎ ማን ነበር? መምጣት ፈልጎ ያልቻለ ማን ነበር? ሚስትዎና እኅቶችዎ በዚያች ሰዓት ምን ይሠሩ ነበር? ቤተ ክርስቲያናችን ያን ጊዜ ክፍት ነበረች? የሚጫወቱት ልጆችስ በኋላ ምን ሆኑ?

ምናልባት ዝም ይሉ ይሆናል። ጠብቋቸው፤ ደብተርና እስክሪብቶም ያዙ። ከዚያ ዝምታ በኋላ የሚመጣው ወሬ እስከ ዛሬ ማንም ያልጠየቃቸው ሊሆን ይችላል።